አንበሴ እስኪድን ጉረኖውን ማን ይጠብቅ?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ የምኖር በግ አርቢ ነኝ። 43 በጎች አሉኝ። አንበሴ የሚባል የ6 ዓመት ወንድ ውሻ ሌሊት ጉረኖውን፣ ቀን ከልጄ ጋር መስኩን ይጠብቅልኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ጅብ የኋላ ታፋውን ነከሰው። ባለቤቴ በዚያው ሌሊት ቁስሉን አጠበችለት። አሁን ከላይ እየጠገገ ነው፤ እግሩን ግን መሬት አያስነካም። ከዚያ ወዲህ ሁለት በግ ተበልቶብኛል፤ እኔና ባለቤቴም ሌሊቱን ተራ ገብተን ስናድር ሰውነታችን አልቋል። የጎረቤቴ ውሻ ወልዳ “ሁለት ቡችላ ውሰድ” ይለኛል። አማቴ ደግሞ “በአንድ ቤት ሁለት ውሻ ጠብ ነው፤ የልጆችህን እህል ነው የሚበሉብህ” ይላሉ። የወንድሜን ውሻ መዋስም አስቤ ነበር። አንበሴ እስኪድን ልታገሥ ወይስ ሌላ ልጨምር? አንበሴ የተከተበው ከሁለት ዓመት በፊት ለዘመቻ የመጡ ጊዜ ነው። የ11 ዓመቱ ልጄ ለቡችላው ከአሁኑ ስም እያወጣ ነው።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለተኛ ውሻ ያስፈልግዎታል። እንዲያውም ያስፈልግዎ የነበረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ አንበሴ ጉልበቱ ሙሉ በነበረበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ደብዳቤዎ ውስጥ ያስደነገጠኝ ነገር ስላለ እሱን ሳልናገር ወደ ቡችላው አልሄድም።

ባለቤትዎ ቁስሉን ያጠቡት በባዶ እጃቸው ነው? ጅብ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ በሽታው ያለው በምራቁ ውስጥ ነው። የነከሰው ቦታ ላይ የቀረ ምራቅ በእጃቸው ላይ ያለ ጭረት ወይም ቁስል ነክቶ ከሆነ አደጋ አለው። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ ክትባቱን ለጀመረ ሰው ግን መከላከያ አለው። ምልክቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ሦስት ሳምንት አለፈ ብለው አይተዉት። ባለቤትዎ ነገ ሳይሆን ዛሬ ጤና ጣቢያ ሄደው የሆነውን በዝርዝር ይንገሩ። ወደፊትም በቤትዎ ሰው በውሻም ሆነ በአውሬ ቢነከስ፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ጠበሉን ከሕክምናው በኋላ ማድረስ ይቻላል፤ ክትባቱ ግን አይዘገይም።

አንበሴንም እንደዚሁ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ተከትቦ የነበረ ውሻ በአውሬ ሲነከስ ወዲያውኑ ድጋሚ ክትባት ይሰጠውና ቢያንስ ለ45 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። የቀድሞው ክትባት ማስረጃ የሌለው ወይም አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ ጊዜው ወደ 4 ወር ሊረዝም ይችላል፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጆች አይጠጉት። ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ያለ ወትሮው ከተቆጣ ወይም ያለ ወትሮው ዝም ካለ ማንም አይንካው።

አሁን ወደ እግሩ ልመለስ። የጅብ ንክሻ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ከቆዳው ሥር ግን ሥጋው ተበጣጥሶ፣ አንዳንዴም አጥንቱ ተሰንጥቆ ይገኛል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እግሩን መሬት ካላስነካ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ውስጡ መግል ይዟል፣ ወይ አጥንቱ ተጎድቷል። ከላይ መጠገጉ አያታልልዎ፤ እንዲያውም ከላይ ቶሎ የሚዘጋ ቁስል መግሉን ውስጥ ያስቀራል። ቁስሉ ተከፍቶ መታጠብ ካስፈለገው ሐኪሙ ያደርገዋል፤ ቤት ውስጥ መስፋትም ሆነ በጭድ ዐመድ መድፈን ይቅር። ለሕመሙ ብለው ከቤትዎ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ እንዳይሰጡት አደራ። ለሰው የሚሆነው እነዚህ መድኃኒቶች የውሻን ጉበት፣ ኩላሊትና ሆድ ያበላሻሉ። አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ለመጋጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ የቀጨጨው ሥጋ እስኪመለስ ቀስ እያለ ነው ሥራ የሚጀምረው።

“እስኪድን ልታገሥ?” ያሉትን ሳነብ ልቤ የተነካው እዚህ ላይ ነው። አንድ ውሻ ብቻ ባለበት ቤት ያ ውሻ ዕረፍት አግኝቶ አይድንም።

ያደግሁት ጣርማ በር አጠገብ፣ በግ ከሚያረባ ቤት ነው። አባቴ ቡሬ የሚባል ውሻ ነበረው። አንድ ክረምት የፊት እግሩ መዳፍ በስለት ድንጋይ ተሰነጠቀና አባቴ ከበሩ ውስጥ፣ ጭድ ላይ አስተኛው። ሁለት ሌሊት በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ሌሊት ጅቡ ከወንዙ ማዶ ጮኸ። እኔ ከእናቴ ጎን ተኝቼ በኩራዙ ብርሃን አየው ነበር። ቡሬ ከጭዱ ተነሣ፤ እግሩን አስረገጠ፤ መልሶ አነሣው፤ እንደገና አስረገጠ። ከዚያ አባቴን አየው። አባቴም በሩን ከፈተለት፤ ሌላ ምን ያድርግ? ከጉረኖው በላይ ለቤታችን ምን ነበረን? ቡሬ በሦስት እግሩ እያነከሰ ወደ ጨለማው ገባ። ያን ሌሊት በግ አልተበላም። መዳፉ ግን ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ እየተከፈተ፣ እየመገለ፣ ለመስቀል እግሩ ደርቆ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቀረ። አባቴ ያኔ ቡችላ አመጣ፤ ቡሬ ግን ለማስተማር የሚሆን ጉልበት አልነበረውም። ቡችላው ያለ አስተማሪ አድጎ በምድጃ ዳር የሚተኛ፣ በቅጠል ኮሽታ የሚጮህ ውሻ ሆነ። አባቴን ዛሬም አልወቅሰውም። ለቡሬ ተተኪ የሚሆን ውሻ ግን ቀድሞ አላሳደገም ነበር፤ የጎዳንም እሱ ነው።

ስለዚህ የሁለተኛው ውሻ ትልቁ ጥቅም በጉን መጠበቁ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ውሻ ማሳረፉም ነው። የሚያርፍበት ተራ ያለው ውሻ ይድናል፤ ሌላም ዓመት ያገለግላል። ደግሞም ሁለት የሆኑ ውሾች ብዙ ጊዜ መጎዳት ላይ አይደርሱም። ብቸኛ ውሻ ጅቡን ፊት ለፊት ገጥሞ ማባረር አለበት፤ እሱ በአንድ በኩል ሲያሳድድ ጉረኖው በሌላ በኩል ባዶ ይቀራል፤ ዞር ሲል ደግሞ ከኋላው ታፋው ይነከሳል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲጮህ ሌላው ከበጎቹ አይርቅም፤ አብዛኛውን ጊዜም ጅቡ ሳይቀርብ ይመለሳል። “ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ” ይባል የለ? አንበሴ የተነከሰው ታፋው ላይ መሆኑ ራሱ ብቻውን እንደነበር ይናገራል።

ከጎረቤትዎ ግን ሁለቱን ቡችሎች እንዳይወስዱ። በነፃ ስለሆነ ያጓጓል፤ አውቃለሁ። ከአንድ እናት፣ በአንድ ጊዜ የተወለዱ ሁለት ቡችሎች አብረው ሲያድጉ ልባቸው እርስ በርስ ይተሳሰራል እንጂ ከበጉ ጋር አይተሳሰርም። ጨዋታቸውም ይበረታል፤ አንዱ ግልገሉን ሲያባርር ሌላው ያግዘዋል፤ ሁለት ሆነው ጆሮ መጎተት፣ ጸጉር መንጨት ይለምዳሉ። ከዚህም ሌላ አብረው ስለሚያረጁ ከስምንት ዓመት በኋላ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይደክሙና ዛሬ ያሉበት ችግር ተመልሶ ይመጣል። በሁለት ጠባቂ ውሾች መካከል ሦስትና አራት ዓመት ልዩነት ቢኖር ይመረጣል። አንበሴ 6 ዓመቱ ነው፤ ዛሬ የሚያመጡት ቡችላ ለሙሉ ሥራ ሲደርስ እሱ 8 ይሆናል። ዘግይተዋል፤ ግን አልረፈደብዎትም።

ከመውሰድዎ በፊት እናቲቱን ሄደው ይዩአት። ከበግ ጋር የምትውል ናት ወይስ ደጃፍ ላይ ታስራ የምትጮህ? ከበግ ጋር የምትውል ከሆነች ግማሽ ሥራዎ ተሠርቷል። ከቡችሎቹ መካከል ሌሎቹን እየጣለ የሚናከሰውንም፣ ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውንም ይተዉ። ሲጠሩት ቀረብ ብሎ የሚያሸት፣ ሲለቁት ረጋ ብሎ የሚሄደው ይሻላል። ጾታውን በተመለከተ ወንድና ሴት ከሁለት ወንድ ይልቅ ይስማማሉ፤ ሴቷ ካልተመከነች ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል የመንደሩን ወንድ ውሻ ሁሉ ደጅዎ ላይ ትሰበስባለች። ሴት ውሻ ማምከን ደግሞ በቂ መሣሪያ ያለው ክሊኒክ ይፈልጋል። ለእርስዎ የሚቀልልዎ ወንድ ወስዶ ዓመት ሲሞላው ማኮላሸት ነው። የተኮላሸ ውሻ ጥበቃው አይቀንስም፤ መዞሩና ጠበኛነቱ እንጂ።

ቡችላው 8 ሳምንት ሲሞላው ወደ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ በጎቹ ይግባ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ቡችላ ከማን ወገን እንደሆነ የሚያውቀው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ምድጃ ዳር ከልጆች ጋር ካደረ ዕድሜ ልኩን ወደ ምድጃው ይመለከታል። በጉረኖው ጥግ በእንጨት አጥር ትንሽ ቦታ ይከልሉለት፤ በጎቹን የሚያይና የሚያሸት፣ ሲያባርሩት ደግሞ ሾልኮ የሚገባበት ይሁን። ቀን ቀን ረጋ ካሉ ጠቦቶች ጋር ያውሉት። አዲስ የወለደች በግ ግን ትንሽ ቡችላ በግንባሯ መትታ ልትገድል ትችላለችና ከእሷ ይራቅ። ልጅዎ ይመግበው፣ ያብሰው፣ ይጥራው፤ ጨዋታው ግን እዚያው በበጎቹ መካከል ይሁን። ወደ ቤት ታቅፎት እንዳይገባ በፍቅር ይንገሩት። ለ11 ዓመት ልጅ ከባድ መሆኑ ይገባኛል።

ከአምስተኛው ወር በኋላ የሚፈትንዎ ጊዜ ይመጣል። ቡችላው ጉልበት ያወጣል፣ ልብ ግን ገና አላወጣም፤ ግልገል ሊያሯሩጥ ይሞክራል። በዚያ ጊዜ ብዙዎች “ይሄ ውሻ በግ በላ ሆነ” ብለው ያስወግዱታል። አይቸኩሉ። ሲያሯሩጥ እዚያው በድምፅ ይገሥጹት፣ ማንም በሌለበት ሰዓት ያስሩት። ብቻውን የሚታመነው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አንበሴ በሕይወት እያለ ይምጣ የምለውም ለዚህ ነው፤ ትልቁ ውሻ ሲያጉረመርምበት የሚማረውን እኔም እርስዎም በዓመት አናስተምረውም።

ሁለቱ የሚገናኙት ግን የአንበሴ የመቆያ ጊዜ አልቆ፣ ቡችላውም ክትባቱን ወስዶ ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ በዓመቱ ድጋሚውን ይወስዳል። መጀመሪያ ከግቢው ውጭ፣ አንበሴ “የእኔ ነው” በማይለው ሜዳ ላይ ጎን ለጎን አስኪዱአቸው። አማትዎ “በአንድ ቤት ሁለት ውሻ ጠብ ነው” ያሉት ከሜዳ አላነሡትም፤ ጠቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በምግብ ነው። ሁለት ገበታ፣ በሁለት ጥግ፣ በአንድ ሰዓት፤ በመካከላቸው አጥንት አይጣል።

ስለ እህሉም አማትዎ ልክ ናቸው፣ ውሻ ይበላል። 25 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ውሻ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ደረቅ ምግብ ይፈልጋል ብለን ብንይዝ በዓመት ወደ ሁለት ኩንታል ይጠጋል። ይህ በእርሻ ለሚተዳደር ቤት ቀላል አይደለም። ከጎኑ ግን በሦስት ሳምንት የተበሉትን ሁለት በጎች ያስቀምጡና ከአማትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት። የተረፈ እንጀራ፣ የገብስ ቂጣ ፍርፋሪና ፉርሽካ ሆዱን ይሞላሉ፤ ብቻቸውን ግን ለሥራ ውሻ አይበቁም። በተለይ በሁዳዴ 55 ቀን ቤት ውስጥ ሥጋም አጥንትም ስለማይኖር ውሾቻችን የጎድን አጥንታቸው እስኪቆጠር ይከሳሉ፤ ማንም ልብ አይለውም። ላም ካለችዎት ወተቱ ለቅቤ ሲጠራቀም አጓቱን ለእነሱ ይተዉላቸው፤ የተቀቀለ ባቄላ ከገብሱ ጋር ይቀላቅሉ፤ ሳምንት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ እንቁላል ጣል ያድርጉላቸው።

ጥሬ ሳንባ፣ ጉበትና ጭንቅላት ግን እንዳይሰጧቸው። በበግ ሳንባና ጉበት ላይ የምናየው ውኃ የቋጠረ ከረጢት በውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሣር ላይ ሲቀር በጉን መልሶ ይይዛል፤ ሰውንም ይይዛል። በግ ዙሪያውን እየዞረ የሚወድቅበት አዙሪት የምንለው በሽታም የሚመጣው ከውሻ ትል ነው፤ ውሻው ደግሞ ያንን ትል የሚያገኘው በአዙሪት የሞተ በግ ጭንቅላት ሲጣልለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጭንቅላት ወይ ያቃጥሉ ወይ በጥልቀት ይቅበሩ። በየ3 ወሩ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ክሊኒክ ጠይቀው ለሁለቱም ይስጡ። ሁለት ውሻ ማለት ይህም ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ክትባቱንና መድኃኒቱን ለሁለቱም ማድረስ የማይችሉ ከሆነ በአንዱ ቢቆዩ እመርጣለሁ፤ የተራበና ያልተከተበ ውሻ ከመንደር መንደር ሲዞር ለልጆችም ለከብትም ጠንቅ ነው።

ለእናንተ አካባቢ ደግሞ ሌላም ጉዳይ አለ። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች፣ በዌብ ሸለቆ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሾች ተላልፎ እዚያ የነበሩትን ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማ ጨርሷቸዋል። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው፤ በግልገል ላይ እጁን የሚያነሣው ከስንት አንዴ ነው። ውሾችዎን በክትባት ከያዙና ከመዞር ካገዱ ለእሱም ጠበቃ ሆኑለት ማለት ነው።

አሁን የሚያስጨንቅዎ የዛሬ ሌሊት መሆኑን አልረሳሁም። ቡችላው ለዛሬ አይደርስም። የወንድምዎን ውሻ መዋስ ብዙ አይጠቅምም፤ ውሻ በበላበት ይጮኻልና ወይ ወደ ቤቱ ያመልጣል፣ ወይ ጉረኖዎን የእንግዳ ቦታ ብሎ ዝም ይላል። የሚሻለው በጎችዎን ወደ ውሻው መውሰድ ነው። የወንድምዎ ወይም የአንድ ጎረቤት ጉረኖ ሰፊ ከሆነ አንበሴ እስኪድን በጎቻችሁን አብራችሁ አሳድሩ፤ እናንተም ከሁለት ቤት አራት ሰው ሆናችሁ ተራ ትገባላችሁ። ይህ የማይሆን ከሆነ የጉረኖውን ካብ ከሰው ቁመት በላይ ያድርሱት፤ በላዩ እሾህ ይደርድሩ፤ በሩን በሳንቃ ይዝጉ። ጅብ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በደካማው በር ነው። አንበሴን ደግሞ ጉረኖው አጠገብ እንዳያስሩት። ጅቡን በሰማ ቁጥር ሰንሰለቱን እየጎተተ የተጋጠመውን ይፈታዋል። ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶበት፣ ከልጆቹ ርቆ ይደር።

ሁለቱ አድገው አብረው መውጣት ሲጀምሩ ለሁለቱም ጠንካራ የቆዳ አንገትጌ ያሠሩላቸው። የቱርክ እረኞች ውሾቻቸውን ከተኩላ የሚያድኑት ሹል ብረት በተተከለበት አንገትጌ ነው፤ አንጥረኛና ቆዳ ሠሪ ባለበት አገር ይህ አያቅትም። አንገትጌው ጉሮሮን ያድናል፤ ታፋውን የሚጠብቅለት ግን ከኋላው የሚቆመው ጓደኛው ነው።

የቡችላውን ስም ልጅዎ ያውጣለት። ነገር ግን ከአንበሴ ጋር የማይመሳሰል፣ አጭርና ከሩቅ የሚሰማ ይሁን፤ “አንበሳው”ም “አምበሉ”ም ይቅሩ። በጨለማ አንዱን ወደ ጉረኖው፣ ሌላውን ወደ ወንዙ ሲልክ እያንዳንዱ የራሱን ስም ለይቶ መስማት አለበት።